ፈረስን ከአዲስ ጋጣ ማላመድ

ማላመድ ማለት አዲስ የተገዛ ፈረስ ከቦታው፣ ከመኖውና ከነባሮቹ ፈረሶች ጋር እስኪላመድ የሚደረግለት እንክብካቤ ነው። ፈረስ የመንጋ እንስሳ በመሆኑ ከጓደኞቹ ሲለይ ያሽካካል፣ ይንቆራጠጣል፤ ይህን እንደ ጥጋብ ቆጥሮ በአለንጋ መግረፍ ፍርሃቱን ያባብሳል። ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው መኖው ነው። በትልቁ አንጀቱ ውስጥ ሣሩን የሚያብላሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ድንገተኛ ለውጥ አይችሉም፤ ሣር ብቻ ለለመደ ፈረስ ገብስ በአንድ ጊዜ ማብዛት ለሞት የሚያበቃ የሆድ ቁርጠትና የሰኮና ውስጥ ብግነት ያስከትላል። ስለዚህ የቀድሞ መኖውን ከሻጩ ጠይቆ፣ ከ7 እስከ 14 ቀናት አሮጌውን ከአዲሱ እየቀላቀሉ መለወጥ ይገባል። ተላላፊ በሽታ እንዳያስገባ ለ3 ሳምንት ያህል ለብቻው፣ ሌሎቹን ከሩቅ እያየ ይቆያል። በኢትዮጵያ የጋሪ ፈረሶችን የሚያጠቃው የቆዳና የሊምፍ ፈንገስ በቁስል በኩል ስለሚገባ ኮርቻና ልጓም መዋዋስ አይመከርም።