ፊደል ሳይቆጥሩ ሐኪም ያስተማሩ

ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደቱ ዘመን ለንደን ውስጥ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በሚባለው የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምረው ነበር። አገር ነፃ ከወጣች በኋላ አግብተው ወደ ለቀምት ሄዱ፤ በ1942፣ ገና በሃያ ሁለት ዓመታቸው፣ ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ ችግር እዚያው አረፉ። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) የኢትዮጵያ ወዳጅ የነበረችው እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት እንግሊዝ አገር ገንዘብ ስታሰባስብለት የቆየችው የመታሰቢያ ሆስፒታል አዲስ አበባ ላይ በ1951 ተከፈተ። ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የሚባለው ነው።

ለዚህ ሆስፒታል የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት እንዲያቋቁሙ ሁለት ሐኪሞች በ1959 መጡ፤ አውስትራሊያዊቷ ካትሪን ሀምሊንና ኒውዚላንዳዊው ባለቤታቸው ሬጅናልድ። ያመጣቸው ዘ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ማስታወቂያ ሲሆን ውላቸውም የሦስት ዓመት ነበር። ዶክተር ካትሪን ስልሳ ዓመት ቆዩ፤ በ2020 በዘጠና ስድስት ዓመታቸው ያረፉት አዲስ አበባ፣ እዚያው ቤታቸው ነው።

እዚያ ያገኙት ፊስቱላ እነሱ ባደጉባቸው አገሮች ከመጽሐፍ ውጪ የማይታይ ነገር ሆኖ ነበር። ምጥ ለቀናት ሲጠና የሕፃኑ ጭንቅላት የሽንት ፊኛን ከዳሌ አጥንት ጋር አጣብቆ ይይዘዋል። ደም የተከለከለው ሥጋ ይሞታል፣ ውሎ አድሮ ይረግፍና ቀዳዳ ይተዋል፤ ከዚያ በኋላ ሽንት ቀንም ሌሊትም መውረድ ነው። ቀዳዳው በፊንጢጣ በኩል ከሆነ ሰገራም ይከተላል። ልጁ አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ይወለዳል፣ ባል ይርቃል፣ ጎረቤትም ከሽታው የተነሣ እያደር ፊቱን ያዞራል። አውቶቡስ ላይ መሳፈር እንኳ ሽታው ለሚሸትባት ሴት ፈተና ነበር።

ሀምሊኖች ሙያውን የተማሩት በአብዛኛው ከግብፃዊው የማህፀን ሐኪም ከነጂብ ፓሻ ማሕፉዝ ጽሑፎች ነው። ስሙ ለሥነ ጽሑፍ ወዳጅ እንግዳ አይደለም፤ የኖቤል ተሸላሚው ደራሲ ነጂብ ማሕፉዝ የተሰየመው ባዋለዱት በኒሁ ሐኪም ነው።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ከደረሱት ሴቶች አንዷ ማሚቱ ጋሼ ነበረች። ከገጠር ደጋ አገር የመጣች የገበሬ ልጅ ናት፤ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠችም። በአሥራዎቹ ዕድሜዋ ተዳረች፣ በመጀመሪያ እርግዝናዋ አራት ቀን አምጣ የሞተ ልጅ ወለደች። ጉዳቷ ከባድ ስለነበር አንድ ቀዶ ጥገና አልበቃትም፤ ተደጋገመ። በዚህ መሃል እጅን አጣጥፎ መተኛት አልሆነላትም። አልጋ ታነጥፍ፣ ሌሎቹን ሕመምተኞች ታግዝ ጀመር። ዶክተር ሬጅናልድ ቅልጥፍናዋን አይተው ኦፕራሲዮን ክፍል አስገቧት፤ መሣሪያ ታቀብላለች። ዓመታት ሲያልፉ ቀላል ስፌት ተሰጣት፣ ከዚያ ከበድ ያለው፣ በመጨረሻም ሙሉው ቀዶ ጥገና።

ሙሉው ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ቦታው ጠባብ ነው፤ ከዓይን ይልቅ ጣት ያያል። ሕመምተኛዋ እግሮቿ ተሰቅለው፣ ጭንቅላቷ ዝቅ ብሎ ትተኛለች። በቀዳዳው ዙሪያ ያለው ጠባሳ ይቆረጣል፣ ከዚያ ፊኛው ከተጣበቀበት ከብልት ግድግዳ በመቀስ ጫፍ በዝግታ ይላቀቃል። ልብ የሚያደርቀው ይኼ ነው። በደንብ ካልተላቀቀ ስፌቱ ይወጠራል፤ የተወጠረ ስፌት ደግሞ ይፈታል። ተሰፍቶ ሲያልቅ ሰማያዊ ቀለም የተበጠበጠበት ውኃ በቱቦ ወደ ፊኛው ይገባና ዓይን ሁሉ ስፌቱ ላይ ይተከላል። ሰማያዊ ጠብታ ብቅ ካለች ሥራው አላለቀም። ካላለች ቱቦው ሁለት ሳምንት ያህል ሽንቱን እያወጣ ይቆያል፣ ቁስሉም በደረቁ ይጠግጋል።

ሀምሊኖች በአብዮቱ ሰሞን የራሳቸውን የፊስቱላ ሆስፒታል አዲስ አበባ ላይ ሲያቋቁሙ ወይዘሮ ማሚቱም አብረው ገቡ። ለሥልጠና ከውጭ አገር የሚመጡ የማህፀን ሐኪሞች፣ ፕሮፌሰር የሚባሉትም ጭምር፣ ቢላ አያያዝን ያስተካከሉት ማንበብ በማይችሉ ሴት ፊት ቆመው ነው። ወይዘሮ ማሚቱ የማታ ትምህርት የጀመሩት በስተኋላ፣ በስማቸው ብዙ ከተባለ በኋላ ነው። በ1989 ለንደን የሚገኘው የቀዶ ሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅ ከሀምሊኖች ጋር የወርቅ ሜዳሊያ ሸለማቸው፤ በ2018 ደግሞ ቢቢሲ በዓመቱ መቶ ሴቶች ዝርዝር ውስጥ አስገባቸው።

ጋዜጦች ታሪኩን እንደ ተአምር ማውራት ይወዳሉ። ተአምር ግን አይመስልም። ሜዳሊያውን የሰጠው ኮሌጅ ራሱ የዘር ሐረጉ ሲቆጠር ፀጉር አስተካካዮች ዘንድ ይደርሳል፤ በ1540 ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ፀጉር አስተካካዮችንና ቀዶ ሐኪሞችን በአንድ ማኅበር አዋሕደው ነበር፣ የተለያዩትም በ1745 ነው። ያን ሁሉ ዘመን ሙያው የተላለፈው ከጌታው ጎን ቆሞ በማየት፣ ከዚያ በመሞከር ነበር። የእኛም ወጌሻ ስብራት ማሰር የተማረው እንዲሁ ነው። ወይዘሮ ማሚቱ ያደረጉት አንድን ቀዶ ጥገና ለአሥርተ ዓመታት፣ ከመምህራቸው ጎን ሳይለዩ መደጋገም ነው፤ ብዙ ምሩቅ ይህን ዕድል አያገኝም።

የፊስቱላ ቀዶ ጥገና ራሱ ሲጀመር የሚያኮራ ታሪክ የለውም። አሜሪካዊው ማሪዮን ሲምስ በ1840ዎቹ አላባማ ውስጥ ዘዴውን የፈተነው በባርነት በተያዙ ጥቁር ሴቶች ላይ፣ ያለ ማደንዘዣ ነበር። አናርቻ በተባለችው ላይ ብቻ ሠላሳ ያህል ጊዜ ቀዶ ጥገና ተደርጓል። መቶ ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ አዲስ አበባ ላይ ሕመምተኛዋ ራሷ ቢላውን ያዘች።

አዲስ አበባው ሆስፒታል ከቅርንጫፎቹ ጋር ከ60,000 በላይ ሴቶችን አክሟል። ከቅርንጫፎቹ አንዱ ይርጋለም ነው። ለአርሲ ነገሌና ለሻሸመኔ ዙሪያ ሴት እስከ አዲስ አበባ ከመጓዝ ይልቅ ወደ ይርጋለም መውረድ እጅግ ይቀርባታል። ከአዳማ አዲስ አበባ ደግሞ ዛሬ በፈጣን መንገዱ ከአንድ ሰዓት ብዙ አያልፍም። ችግሩ ግን ድሮም አስፋልቱ ላይ አልነበረም፤ ከቆላው መንደር በቃሬዛ ተነሥቶ አስፋልቱን እስኪያገኙ ባለው ሰዓት ነው። ፊስቱላን ከመነሻው የሚያስቀረው ምጥ ለጠናባት ሴት በሰዓቱ ሆዷን ቀዶ ልጁን የሚያወጣ ባለሙያ ነው። ኢትዮጵያም ከትልልቅ ከተሞች ውጪ ባሉ ሆስፒታሎች ይህን ቀዶ ጥገና የሚሠሩ ጤና መኮንኖችን ለሦስት ዓመት ማሠልጠን በ2009 ጀመረች። ሞዛምቢክ ሐኪም ላልሆኑ ባለሙያዎች ይህንኑ ሥልጠና መስጠት ከጀመረች ያኔ ሃያ አምስት ዓመት ሆኗት ነበር።