የድንጋዩ አገር፤ በቤላ ሻንጉል የመንግሥታት መፈራረቅና የኢስላም መጽናት

መንግሥታት እንዴት ይነሣሉ? ለምንስ ይወድቃሉ? ኢብን ኸልዱን እ.ኤ.አ. በ1377 ‹ሙቀዲማ›ውን ሲጽፍ ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ በዑለማእ ዘንድ የታወቀ ነው። መንግሥትን የሚያቆመው ‹ዐሰቢያ› ማለትም የወገን ትስስር ነው፤ ትስስሩ በድሎትና በቅንጦት ሲላላ መንግሥቱ ያረጃል፤ ዕድሜውም በአብዛኛው ከሦስት ትውልድ አያልፍም። ይህን ትምህርት ስናስተምር የምንጠቅሰው ዘወትር ባግዳድን፣ ቁርጡባንና ኢስታንቡልን ነው። ነገር ግን በአሶሳ ለሚማር ደረሳ ምሳሌው ከደጁ አይርቅም። እ.ኤ.አ. ከ1821 እስከ 1898 ባሉት 77 ዓመታት ውስጥ ብቻ ይህች ምድር የፉንጅን መጨረሻ፣ የቱርክና ግብጽን አገዛዝ፣ የመህዲያንና የምኒልክን መንግሥት አይታለች።

ታሪኩን ከስሙ እንጀምር። ከአሶሳ በስተሰሜን በመንጌ አካባቢ በተራራ ላይ የሚገኝ፣ በርታዎች ከጥንት ጀምሮ ያከብሩት የነበረ ክብ ድንጋይ አለ። በበርታ ቋንቋ ‹ቤላ› ማለት ድንጋይ ነው፤ ‹ቤላ ሻንጉል› የሻንጉል ድንጋይ ማለት ይሆናል። ዐረብኛ ተናጋሪ ነጋዴዎች ሲመጡ ይህን ስም በጆሯቸው ልማድ ሰምተው ‹በኒ ሻንጉል› አሉት፤ የሻንጉል ልጆች ማለት ነው። ለውጡ የአንድ ድምፅ ብቻ ይመስላል። ሆኖም ራሱን በቆመበት ምድር ይጠራ የነበረ ሕዝብ፣ በዘር ሐረግ በሚቆጥሩ ሰዎች አፍ የአንድ አባት ልጆች ተብሎ ተጠራ።

የመጀመሪያው ታላቅ ኃይል የሲናር የፉንጅ ሱልጣኔት ነው። ዐማራ ዱንቀስ እ.ኤ.አ. በ1504 የመሠረቱት ይህ መንግሥት በጥቁር ዓባይ ዳርቻ ጸንቶ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፋዙግሊን በመያዝ የወርቁን ምድር ደጃፍ ተቆጣጠረ። ተራሮቹን የሚገዛው ግን በአገሬው አለቆች በኩል ነበር። ኢስላምም ወደዚህ በዋናነት የመጣው በነጋዴውና በመምህሩ እግር ነው። በ1800 ገደማ ሙሐመድ አልኑር ወድ ደይፈላህ ያዘጋጁት ‹ጦበቃት› የተሰኘው መጽሐፍ የሲናርን ዘመን መምህራንና የጦሪቃ ሸይኾች ሕይወት ይዘግባል። ከእነርሱ አንዱ ዛሬ በሰሜን ኸርጡም ሰፈር በስማቸው የሚጠራላቸው የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሸይኽ ኾጀሊ ናቸው። በበርታ ምድር ከመቶ ዓመት በኋላ የገነነው ሹም ኾጀሌ መባሉን ስናስብ፣ መንግሥት ያላደረሰውን ስም ትምህርት እንዳደረሰው እንገነዘባለን።

ሲናር የወደቀው በአንድ ቀን አይደለም። ከ1762 ጀምሮ ሥልጣኑ በሐመጅ እንደራሴዎች እጅ ገብቶ፣ ሱልጣኑ በስም ብቻ ቀርቶ ነበር። ስለዚህ የግብጹ ገዥ የሙሐመድ ዓሊ ልጅ ኢስማዒል ፓሻ በ1821 ሲደርስ የመጨረሻው ሱልጣን ያለ ውጊያ እጁን ሰጠ። እስከዚህ ድረስ ኢብን ኸልዱን ትክክል ነው።

የኢስማዒል ጦር ግን በሲናር አልቆመም። ሁለት ነገር ይፈልግ ነበር፤ ወርቅና ለጦሩ የሚሆን ሰው። በ1821 መጨረሻና በ1822 መጀመሪያ ወደ ፋዙግሊና ወደ በርታ ተራሮች ዘለቀ። አብሮት የተጓዘው ፈረንሳዊው ካይዮ ጉዞውን ጽፎ አስቀርቷል። የተመኘው ያህል ወርቅ አልተገኘም፤ ኢስማዒልም በዚያው ዓመት ሸንዲ ላይ በእሳት ተቃጥሎ ሞተ። ይሁን እንጂ የወርቁ ወሬ አልበረደም። አባቱ ሙሐመድ ዓሊ ራሳቸው በ1838 መገባደጃ ከካይሮ ተነሥተው ፋዙግሊ ድረስ መጡ። ከዚህ ዘመን ጀምሮ ከሱዳን የመጡ ነጋዴዎች ከበርታ ሴቶች ልጆች ጋር እየተጋቡ ‹ወጣዊጥ› የተባለውን ገዥ ወገን ፈጠሩ። ቃሉ በዐረብኛ የሌሊት ወፎች ማለት ነው፤ ከሁለቱም ወገን የሆኑ፣ ከሁለቱም ያልሆኑ።

ከዚያ መህዲያ መጣ። በ1881 የተነሣው እንቅስቃሴ ጥር 1885 ኸርጡምን ያዘ፤ ማዕበሉም የበኒ ሻንጉልን ሸይኾች አናወጠ። በጥቅምት 1888 የመህዲስቶች ጦር በወለጋ ጉቴ ዲሊ ላይ በራስ ጎበና ዳጬና በሞሮዳ በከሬ ጦር ተመታ። ከአሥር ዓመት በኋላ በ1897 እና 1898 የራስ መኮንን ዘመቻ አካባቢውን ለምኒልክ መንግሥት አስገበረ። የአሶሳው ሸይኽ ኾጀሌ አልሐሰን ወደ አዲስ አበባ ተወስደው ታሰሩ፤ በኋላም ተፈትተው ተመለሱና ከአካባቢው ሹማምንት ሁሉ የበረቱ ሆኑ። የ1902ቱ የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ውል በኒ ሻንጉልን በኢትዮጵያ፣ ፋዙግሊን በሱዳን አደረገ። በሲናር ዘመን አንድ የነበረው የንግድና የትምህርት መንገድ በድንበር ተቆረጠ። የሸይኹ ስም በአዲስ አበባ ‹ሸጎሌ› ሆኖ እስከ ዛሬ ይኖራል።

እዚህ ላይ መምህርና ኢማም ሊሸሸው የማይገባ ነገር አለ። ካይሮም፣ ወጣዊጥም፣ አዲስ አበባም ከዚህች ምድር የጠየቁት ግብር ወርቅና ሰው ነበር። ባሪያ ፈንጋዮቹ ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ፤ የተሸጡት የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የማኦና የኮሞ ልጆች ናቸው። የሸይኽ ኾጀሌ ባለቤት ሲት አምና በዚህ ንግድ ስማቸው በሱዳን የእንግሊዝ አስተዳደር መዛግብት ተደጋግሞ ይነሣል። ‹ዘመኑ እንዲያ ነበር› ማለት አይበቃም፤ ዘመኑ ያውቅ ነበርና። ነጻ ሰውን ሸጦ ዋጋውን የበላ ሰው በትንሣኤ ቀን ባለጋራው አላህ ራሱ እንደሚሆን ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ ተነግሯል። የቲምቡክቱው አሕመድ ባባ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ማን በባርነት ሊያዝ እንደማይችል ፈትዋ ጽፈዋል። ሕጉ ነበር፤ የጎደለው ለገዥ ጥቅም ሲሉ ዝም ያላሉ አፎች ነበሩ። በኢትዮጵያ ባርነትን የሻረው አዋጅ የወጣው በነሐሴ 1942 እ.ኤ.አ. ነው።

የኢብን ኸልዱን መርህ ሁሉን አይፈታም። መንግሥታት ለምን እንደሚወድቁ ይነግረናል፤ ከወደቁ በኋላ ምን እንደሚተርፍ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ሲናር ወደቀ፤ የቱርክና ግብጽ አገዛዝ ሄደ፤ መህዲያ መስከረም 1898 በከረሪ ሜዳ አበቃ። ኸልዋው ግን አልተዘጋም። ሉሑን ይዞ የሚቀራው ልጅ ሱልጣኑ ሲለወጥ ትምህርቱን አልለወጠም፤ ዲኑን የያዘው ከተማረው እንጂ ከገበረለት አልነበረምና። ኢስላም በበርታ ዘንድ የጸናው ገዥዎች ስለጫኑት ቢሆን ኖሮ ከገዥዎቹ ጋር በሄደ ነበር።

ከዚህ ጽናት ጎን ለጎን አንድ ዕዳ ቀርቷል። ዐረብኛ ተናጋሪዎች የበርታን ቋንቋ ‹ሩጣና› አሉት፤ ትርጉሙ ዐረብ ያልሆነ ሰው የማይገባ ንግግር ማለት ነው። የቋንቋው ባለቤት ሳይቀር ይህን ስም ተቀበለ። በዲን እኩል የሆነ ሰው በአንደበቱ ዝቅ ተደረገ ማለት ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልልነትን፣ ለቋንቋዎቹም ዕውቅናን ሰጥቷል። በሰው ልብ ያለውን ደረጃ ግን አዋጅ ብቻውን አይሽረውም፤ የሚሽረው መምህሩ ነው።

ስለዚህ ይህን ታሪክ የምናስተምር ሁሉ ሁለት ፈተና አለብን። አንደኛው ያለፈውን የሙስሊም ገዥ ሁሉ እንደ ወርቃማ ዘመን ማወደስ ነው፤ ሁለተኛው ጥፋቱን ሁሉ በሌላው ላይ መጫን ነው። በሱረቱ አሊ ዒምራን ዘመናት በሰዎች መካከል እንደሚፈራረቁ የተነገረው፣ አሸናፊውም ተሸናፊውም በመፈራረቁ እንዲፈተን ነው። የመንጌ ተራራ በሥሩ ሱልጣንም፣ ፓሻም፣ አሚርም፣ ራስም ሲያልፍ አይቷል። ደረሳችን ‹ከእነዚህ ማን ነበር ትልቁ?› ብሎ ቢጠይቀን፣ የማንን ግዛት ስፋት ከመንገራችን በፊት በማን ዘመን የማን ልጅ እንደተሸጠ፣ የማን ልጅ ደግሞ ቁርኣን እንደቀራ አብረን እንመርምር።