«ተናካሽ ውሻ አለ» - ከበር ውጭ ስናገኘውስ?

በአዲስ አበባ መንደሮች ሲዘዋወሩ ከቤት ቁጥሩ ይልቅ ጎላ ብሎ የሚነበበው በቆርቆሮ በር ላይ የተጻፈው «ተናካሽ ውሻ አለ» የሚለው ማስጠንቀቂያ ነው፡፡ አንዳንዱ ቤት ውሻም ሳይኖረው ለሌባ ማስፈራሪያ ብሎ ይጽፈዋል፡፡ አንዳንዱ ጋ ደግሞ ውሻው አለ፣ ጽሑፉ የለም፡፡ ያም ሆነ ይህ ውሻው በግቢው እስካለ ድረስ መንገደኛው በሰላም ያልፋል፡፡ ጣጣው የሚመጣው ማታ ተለቆ ያደረው ውሻ ጠዋት ሳይታሰር ሲቀርና በሩ ገርበብ ብሎ ሲገኝ ነው፡፡ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ኪዳን ለማድረስ ነጠላቸውን ተከናንበው የወጡ እናት፣ ታክሲ ሳይሰለፍ ለመድረስ የሚጣደፍ ሠራተኛ፣ ዳቦ ግዛ ተብሎ የተላከ ልጅ ከውሻው ጋር ፊት ለፊት ይገናኛሉ፡፡

ለመሆኑ በዚያች ደቂቃ ምን ማድረግ ይገባል? ከተነከሱ በኋላስ? ውሻው የራስዎ ከሆነስ? በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ጥያቄዎች በየተራ እናያለን፡፡

ውሻው ሲመጣብዎ

ከሁሉ በፊት አይሩጡ፡፡ የሚሮጥን ነገር ማሳደድ የውሻ ተፈጥሮ ነው፤ ሮጦ ውሻን የሚያመልጥ ሰው ደግሞ የለም፡፡ ባሉበት ይቁሙና ጎንዎን ይስጡት፤ እጅዎን አያወናጭፉ፣ ዓይን ዓይኑንም አይዩት፡፡ ትኩር ብሎ መመልከት በውሻ ቋንቋ የጠብ ግብዣ ነው፡፡ ከዚያ ጀርባዎን ሳይሰጡ ቀስ እያሉ ወደ ኋላ ይሽሹ፡፡ ብዙውን ጊዜ ውሻው የሚፈልገው «የእኔ» ከሚለው ክልል እንዲወጡለት ብቻ ነው፡፡ ጃንጥላ፣ ቦርሳ፣ የተጣጠፈ ጋቢ ከያዙ በእርስዎና በውሻው መካከል ያድርጉት፤ የሚነክሰው ነገር ካጣ ጃንጥላውን ይንከስ፡፡

ድንጋይ ለማንሳት ጎንበስ ማለት የሀገራችን የቆየ ዘዴ ነው፡፡ በድንጋይ ያደገ የመንገድ ውሻ ሰው ጎንበስ ሲል ገና ድንጋዩን ሳያይ ይሸሻል፡፡ ይሁን እንጂ ዘዴው ለሁሉም ውሻ አይሠራም፡፡ ቡችሎች ያሏት እናት ውሻ ወይም ለጥበቃ ያደገ ትልቅ የግቢ ውሻ በዚህ አይመለስም፤ ሲጎነበሱ ፊትዎን ወደ አፉ ማስጠጋትዎ ነው፡፡

የሚጮህ ውሻ አይናከስም የሚባለውንም ማመን አያዋጣም፡፡ የሚጮህም ይናከሳል፡፡ ይበልጥ የሚያስፈራው ግን ድምፁን አጥፍቶ፣ ሰውነቱን አድርቆ፣ የጀርባውን ጸጉር አቁሞ የሚያይዎት ነው፡፡ ጅራቱን ስለወዘወዘም ወዳጅ ነው ማለት አይደለም፤ ቀጥ ብሎ የቆመ ጅራት ሲወዛወዝ የንዴት ምልክት ሊሆን ይችላል፡፡

ከጣለዎት ጉልበትዎን ወደ ደረትዎ ሰብስበው ይጠቅለሉ፤ በእጆችዎ ማጅራትዎንና ጆሮዎን ይሸፍኑ፣ አይጩኹ፡፡ ይህን ለልጆች በጨዋታ መልክ ደጋግሞ ማለማመድ ጥሩ ነው፡፡ ልጅ ቁመቱ አጭር በመሆኑ ብዙ ጊዜ የሚነከሰው ፊቱ፣ ራሱና አንገቱ ላይ ነው፤ ይህ ለምን የባሰ አደጋ እንደሆነ ወደ ኋላ እንመለስበታለን፡፡

በጉ፣ ዶሮውና ላሟ

ለበዓል ተገዝቶ በር ላይ የታሰረን በግ ሁለት ሦስት ሆነው የሚዘነጥሉ ውሾች በየሰፈሩ አሉ፡፡ ውሾች ሲናከሱ ወይም በግ ሲይዙ ብዙ ሰው በደመ ነፍስ እጁን መሐል ያስገባል፤ እጁም ይነከሳል፡፡ የራሱ ውሻ እንኳ በዚያ ሰዓት ጌታውን አይለይም፡፡ አንድ ባልዲ ውሃ መድፋት፣ ሳፋ ወይም ቆርቆሮ መደብደብ፣ ጣውላ ወይም ወንበር በመካከላቸው ማስገባት ይሻላል፡፡ አንዴ ዶሮ የቀመሰ ውሻ ደግሞ በዱላ ስለተመታ አይተወውም፤ መፍትሔው አጥርና ማሰሪያ ነው፡፡

ከብት ላላቸው አንባቢያን አንድ ነገር አጥብቀን እንንገር፡፡ ባበደ ውሻ የተነከሰች ላም ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ልጋጓን ታዝረከርካለች፣ መዋጥ ያቅታታል፣ ድምፅዋ ተለውጦ ታገሳለች፡፡ ባለቤቱም ጉሮሮዋ ላይ ነገር ተሰንቅሮባት ይሆናል ብሎ እጁን አፏ ውስጥ ይከታል፡፡ በሽታው በምራቅ ስለሚተላለፍ ይህ ራሱ እንደ መነከስ ነው፡፡ እንዲህ ያለችውን ላም ሳይነኩ የእንስሳት ሐኪም መጥራት፣ ሥጋዋንም ወተቷንም አለመጠቀም ይገባል፡፡

ተነክሰዋል፡፡ አሁንስ?

የጽሑፋችን ዋና ጉዳይ ይህ ነው፡፡ የእብድ ውሻ በሽታ ወይም ሬቢስ ምልክቱ ሰው ላይ አንዴ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል፡፡ ከምልክቱ በፊት ግን በትክክል ከታከመ ይከላከሉታል፡፡ በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ነው፤ ከሳምንት ያልበለጠበትም፣ ዓመት የደረሰበትም አለ፡፡ ቫይረሱ በነርቭ ተጉዞ አንጎል ሲደርስ ነው በሽታው የሚነሣው፡፡ ፊቱን የተነከሰ ልጅ እግሩን ከተነከሰ ሰው ይልቅ የሚያሳስበው ለዚህ ነው፤ መንገዱ አጭር ነው፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰው በሬቢስ ይሞታል፣ ከሟቾቹ 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ናቸው፤ ወደ ሰው ከሚተላለፈው ሬቢስ ውስጥም እስከ 99 በመቶ የሚሆነው ከውሻ የመጣ ነው፡፡

የመጀመሪያው መድኃኒት እቤትዎ አለ፤ ውሃና ሳሙና፡፡ ቁስሉን በሚወርድ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይጠቡት፡፡ አስራ አምስት ደቂቃ ሲባል ቀላል ይመስላል፤ በሰዓት ቢይዙት ግን ረጅም ነው፣ አብዛኛው ሰው በሁለተኛው ደቂቃ ይተወዋል፡፡ ሳሙና የቫይረሱን ሽፋን ያፈርሰዋል፡፡ ከዚያ አዮዲን ወይም አልኮል ይቀቡ፡፡ በልጅነቴ በሰፈራችን ውሻ የነከሰው ልጅ ቁስሉ ላይ የሚነሰነሰው የተፈጨ ቡና ነበር፡፡ ቡናው ደም ያቆም ይሆናል እንጂ ለበሽታው አንዳች አይፈይድም፤ መታጠቡንም ያስቀራል፡፡

ከዚያ በቀጥታ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል፡፡ ቁስሉ ትንሽ ነው፣ ጭረት ነው ብለው አይተዉት፡፡ ያልተላጠ ቆዳ ላይ በምላሱ ቢልስዎት መታጠብ ይበቃል፡፡ ሳይደማ ከጫረዎት ክትባት ያስፈልጋል፡፡ ከደማ ወይም ምራቁ ዓይን፣ አፍ ወይም ክፍት ቁስል ከነካ ከክትባቱ ጋር ቁስሉ ዙሪያ የሚወጋ ኢሚውኖግሎቡሊን የተባለ መከላከያም ይጨመራል፡፡ ክትባቱ ሰውነት የራሱን መከላከያ እስኪያበጅ ቀናት ስለሚወስድበት፣ ይህኛው ክፍተቱን ይሸፍናል፡፡ ቁስሉ ሰፊ ቢሆን እንኳ ወዲያው እንዲሰፋልዎ አይለምኑ፤ ሐኪሙ የሚያቆየው በምክንያት ነው፡፡

በሀገራችን ብዙ ሰው ክትባቱን የሚሸሸው በወሬ ነው፡፡ «ሆድ ላይ 14 መርፌ ነው» ይባላል፡፡ ወሬው መሠረት የሌለው አይደለም፡፡ ዛሬም ድረስ ሰፈሩ «ፓስተር» ተብሎ በሚጠራበት ተቋም ከበግ አንጎል የሚዘጋጀው የቀድሞው ክትባት ለረጅም ዓመታት እንደዚያ በየዕለቱ ሆድ ላይ ሲወጋ ኖሯል፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ይህ ዓይነቱ ክትባት እንዲቀር ሲመክር ቆይቷል፡፡ አዲሱ ክትባት የሚሰጠው ክንድ ላይ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን፣ በ3ኛው፣ በ7ኛውና ከ14ኛው እስከ 28ኛው ቀን ባለው ጊዜ፡፡ ለነፍሰ ጡርም ለሕፃንም ይሰጣል፡፡ ስሙን ለሰፈሩ ያወረሰው ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር የመጀመሪያውን ክትባት የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1885 ውሻ ለነከሰው የ9 ዓመት ልጅ ነበር፤ ልጁም ድኖ አድጓል፡፡

ጠበል የሚሄድ ይሂድ፣ የባህል ሐኪም ጋ የሚሄድም ሰው አለ፤ ይህን መከልከል የእኛ ሥራ አይደለም፡፡ ክትባቱን ግን አይቅደሙት፣ አይተኩትም፡፡ «እንትና ቅጠል ጠጥቶ ድኗል» የሚባለው ምስክርነት አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ውሻ ስለነከሰው ሰው የሚነገር ነው፡፡ ዘግይተው ከሆነም ተስፋ አይቁረጡ፤ ሳምንት ቢያልፍም ምልክት እስካልታየ ድረስ መከተብ ይገባል፡፡

ውሻውን አትግደሉት

ሰው ሲነከስ የሰፈሩ ወጣት ዱላ ይዞ ይወጣና የውሻውን ራስ ይፈጠፍጣል፡፡ በዚህም ማስረጃው ይጠፋል፡፡ የነከሰው ውሻ ወይም ድመት ባለቤት ካለው ታስሮ ለ10 ቀን መጠበቅ አለበት፡፡ ሲነክስ ምራቁ ውስጥ ቫይረሱ ከነበረ በእነዚያ ቀናት ይታመማል፣ ይሞታልም፡፡ 10 ቀን ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ሐኪሙ የተጀመረውን ክትባት ሊያቆም ይችላል፡፡ አደራ፣ ክትባቱ የሚጀመረው ወዲያው ነው፤ ውሻው እስኪታይ አይጠበቅም፡፡ ከሞተ ወይም መግደል ግድ ከሆነ ምርመራው የሚደረገው በአንጎሉ ስለሆነ ራሱ መፈጥፈጥ የለበትም፡፡ በባዶ እጅ ሳይነኩት ለአካባቢው የእንስሳት ሕክምና ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ነው፡፡

«ውሃ ጠጥቷል፣ ስለዚህ አላበደም» የሚለውም ስሕተት ነው፡፡ ውሃ መፍራት በይበልጥ የሰው ሕመም ምልክት ነው፤ ያበደ ውሻ ውሃ ሊጠጣ ይችላል፡፡ ጠባዩ በድንገት መለወጡን፣ ድምፁ መሻከሩን፣ መንጋጋው መንጠልጠሉን፣ እንጨትና ድንጋይ መንከሱን ይመልከቱ፡፡ ሳይቆጣ ጥግ ይዞ ሽባ እየሆነ የሚሞትም አለ፤ እሱን ነው ሰው አዝኖ የሚያሻሸው፡፡

ተናካሽ ማን ያደርገዋል?

ኃይለኛ እንዲሆን ብለው ቡችላውን ጨለማ ውስጥ ዘግተው የሚያሳድጉ፣ ሚጥሚጣ የሚያበሉ እንዳሉ ይሰማል፡፡ ሚጥሚጣው ሆዱን ያቃጥለዋል እንጂ ጠባቂ አያደርገውም፡፡ ቡችላ ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ድረስ ሰው፣ ሕፃን፣ እንግዳና ሌላ እንስሳ ካላየ በኋላ ያያቸውን ሁሉ ይፈራል፤ የፈራ ውሻ ደግሞ ይነክሳል፡፡ ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት የሚውለውም እንዲሁ ነው፤ መሸሽ ስለማይችል ያለው ምርጫ ጥርሱ ብቻ ነው፡፡ ለውሻው ከሰንሰለት ይልቅ የታጠረ ቦታ ይሻላል፡፡ ውጭ ሲወጣ ማሰሪያ፣ ተናካሽ መሆኑ ከታወቀም የአፍ ማሰሪያ ያስፈልጋል፡፡ ወንዱን ማኮላሸት መዞሩንና ከሌሎች ወንዶች ጋር መናከሱን ይቀንሳል፤ ከፍርሃት የሚነክሰውን ግን አያድነውም፡፡ ሲያጉረመርም የሚመታ ውሻ ማጉረምረሙን ይተውና ሳያስጠነቅቅ መንከስ ይማራል፤ ማጉረምረሙ ግን ለሰው የሚሰጠው የመጨረሻ ዕድል ነበር፡፡

ክትባቱስ? የውሻ ክትባት በእንስሳት ክሊኒክ በየጊዜው ይሰጣል፤ ለሰው ከሚከፈለው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፡፡ አዲስ አበባ በየጊዜው የመንገድ ውሾችን በመርዝ ስታስወግድ ኖራለች፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ሌሎች ቦታውን ይይዙታል፡፡ በሽታው የሚገታው ከውሾቹ 70 በመቶ ያህሉ ሲከተቡ ነው፡፡ ያልተከተበ ውሻ ጣጣው ለከተማ ብቻ አይደለም፡፡ በባሌ ተራሮች የእረኞች ውሾች ያስተላለፉት ሬቢስ እ.ኤ.አ. በ1991-92፣ በ2003፣ በ2008 እና በ2014 ቀይ ቀበሮን ፈጅቷል፡፡ በዓለም ላይ የቀሩት ትልልቅ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 በታች እንደሚሆኑ ይገመታል፤ ሁሉም ያሉት እዚሁ ሀገራችን ነው፡፡

ጽሑፉ ከኃላፊነት ያድናል?

በበሩ ላይ «ተናካሽ ውሻ አለ» ብሎ የጻፈ ሰው «አስጠንቅቄአለሁ» ብሎ ይከራከራል፡፡ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2071 ግን የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ እንስሳው በድንገት አምልጦት ቢሆንም፣ ጉዳቱ ይደርሳል ብሎ ባይገምትም፡፡ ውሻውን በአደራ የሚጠብቅ ወይም ተውሶ የያዘም በእጁ ሳለ ለሚደርሰው ይጠየቃል፡፡ ተነካሹ ራሱ ጥፋተኛ ከሆነ፣ ለምሳሌ አጥር ዘሎ ገብቶ ከሆነ፣ ጉዳዩ ይለወጣል፡፡

አንቀጽ 2074 ደግሞ ፈገግ ያሰኛል፡፡ የቤት እንስሳ ባለቤት እንስሳውን ለተጎጂው አስረክቦ ከኃላፊነት ነፃ ሊወጣ ይችላል ይላል፡፡ ለበሬ ሲሆን ይገባል፤ የነከሰዎትን ውሻ ግን «በሉ ውሰዱት» ቢባሉ ምን ያደርጉታል? ደግነቱ ባለቤቱ ራሱ ወይም እሱ የሚጠየቅበት ሰው ጥፋት ካለበት በዚህ ማምለጥ አይችልም፡፡ ተናካሽነቱን እያወቀ በሩን ክፍት የተወ ሰው ጥፋት የለብኝም ለማለት ይከብደዋል፤ በሩ ላይ የጻፈው ጽሑፍም ማወቁን የሚመሰክርበት ሊሆን ይችላል፡፡

ስለዚህ ከተነከሱ ቁስሉን ታጥበው ሕክምና ከጀመሩ በኋላ የውሻውን የክትባት ወረቀት ከባለቤቱ ይጠይቁ፡፡ የካርድ፣ የክትባትና የመድኃኒት ደረሰኞችን አይጣሉ፡፡ ያዩ ጎረቤቶችን ስም ይያዙ፤ ለወረዳውና ለፖሊስም በዕለቱ ያስመዝግቡ፡፡ ብዙው ጉዳይ በሽምግልና ነው የሚያልቀው፤ ሽማግሌም ቢሆን ደረሰኝ ያለውን ሰው ነው የሚሰማው፡፡