ያኔ ብንኖር የቱን እንመርጥ ነበር?

ነገሩ የጀመረው በጨዋታ ነው። አንድ ቅዳሜ አምስት ጓደኛሞች ሆነን መስቀል አደባባይ ያለውን የ«ቀይ ሽብር» ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ጎበኘን። (ሙዚየሙ በ2002 ዓ.ም. ከተከፈተ ጀምሮ በበሩ ስናልፍ ነው ያደግነው። ገብቶ የሚያውቀው ግን ከመካከላችን አንዱ ብቻ ነበር። ይሄ የእኛ ብቻ ኃጢአት ነው ብለን አናምንም።) ስንወጣ ማንም አላወራም። ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት ፎቶግራፎች ብዙዎቹ ከእኛ በዕድሜ የሚያንሱ፣ አፍሮ ያበጠሩ ልጆች ናቸው። ማኪያቶ አዝዘን ከተቀመጥን በኋላ ነው ከመካከላችን አንዷ «ለመሆኑ ያኔ ብንኖር የቱን እንመርጥ ነበር? ኢሕአፓን ወይስ መኢሶንን?» ብላ የጠየቀችው።

ሦስታችን «ኢሕአፓ» አልን። አንዱ «መኢሶን» አለ። አምስተኛዋ ስኒዋን እያዞረች ዝም አለች። ቀጥሎ ምክንያት ተጠየቀ። ከሦስቱ አንዱ ኢሕአፓን የመረጠው አጎቱ የኢሕአፓ ሰው ስለነበሩ ነው። ሁለተኛዋ እናቷ የሚያወሩላትን ሰምታ ነው። ሦስተኛዋ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ስታየው የቆየችው ፎቶግራፍ ልቧን ስለነካው ነው። የመኢሶኑ ጓደኛችንም ቢሆን አንድ የሚወደው መምህር መጽሐፍ አውሶት ነው። የሁለቱን ድርጅቶች ፕሮግራም ያነበበ አንድም ሰው ጠረጴዛው ላይ አልነበረም!

ዝም ያለችው ልጅ በመጨረሻ «እኔ የምጠይቀው፣ ገብቼ ባይመቸኝ መውጣት እችል ነበር ወይ? ብዬ ነው» አለች። ሳቅንባት። «መሃል ሰፋሪ!» ተባለች። (ቃሉ የዚያ ዘመን ስድብ ነው፤ ለካ እኛም ወርሰነዋል።) ነገር ግን ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ያገኘነውን ሁሉ ስናነብ ከረምን። እያነበብን ስንሄድ ጥያቄ የጠየቀችው እሷ ብቻ እንደነበረች ገባን። ይህ ጽሑፍ የዚያ ንባብ ውጤት ነው።

ከአንድ ማዕድ የተነሱ

ሁለቱ ድርጅቶች የአንድ እናት ልጆች ናቸው። እናታቸው የተማሪው ንቅናቄ ነው። የካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ። ኅዳር 1962 ዓ.ም. ዋለልኝ መኮንን የብሔረሰቦችን ጥያቄ የሚያነሳውን አጭር ጽሑፉን «ስትራግል» በተባለው የተማሪዎች መጽሔት ላይ አወጣ። በቀጣዩ ወር፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም.፣ የተማሪዎች ማኅበሩ ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተገደለ። በማግስቱ አስከሬኑን ለመውሰድ ስድስት ኪሎ ግቢ የገባው የክብር ዘበኛ ጦር ተማሪዎች ላይ ተኮሰ። እኛ ዛሬ ፎቶ የምንነሳበት፣ የምንመረቅበት ግቢ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ «ተማሪ ሆኖ መጮህ አይበቃም፤ ድርጅት ያስፈልጋል» የሚለው ሐሳብ ገዛ። ድርጅቶቹ ግን የተወለዱት አገር ቤት አልነበረም። መላ ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄ (መኢሶን) ነሐሴ 1960 ዓ.ም. ሃምቡርግ ውስጥ በምስጢር ተመሠረተ። ከመሪዎቹ ዋነኛው በፈረንሳይ የተማረው ኃይሌ ፊዳ ነበር። ኢሕአፓ ደግሞ በ1964 ዓ.ም. በርሊን ላይ ሌላ ስም ይዞ ተመሠረተ፤ የኢትዮጵያ ሕዝብ አብዮታዊ ፓርቲ የሚለውን ስሙንና ፕሮግራሙን ይፋ ያደረገው ነሐሴ 1967 ዓ.ም. ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ ብርሃነ መስቀል ረዳ፣ ነሐሴ 1961 ዓ.ም. ከስድስት ጓደኞቹ ጋር ከባሕር ዳር አውሮፕላን ጠልፎ ካርቱም የወረደው፣ በኋላም አልጄሪያ የተቀመጠው ተማሪ ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ሁለቱም ማርክሲስት ሌኒኒስት ነን ይላሉ። ሁለቱም መሬት ለአራሹ ይላሉ። የብሔሮችን የራስን ዕድል በራስ የመወሰን መብት በመርሕ ደረጃ ሁለቱም ይቀበላሉ። የሁለቱም ሰዎች የሚጠቅሱት ያንኑ ሌኒንን፣ ያንኑ ማኦን ነው። በ1966ቱ አብዮት ማግስት የኢሕአፓ ልሳን የሆነው «ዴሞክራሲያ»ም ሆነ የመኢሶኑ «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ» በየፊናቸው በምስጢር ሲበተኑ፣ ሁለቱም ሥልጣን ከወታደሩ ወጥቶ ለጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ይሰጥ ይሉ ነበር።

ታዲያ ምን ለያያቸው? ከአገር ውጭ በተማሪ ማኅበራት ስብሰባዎች ላይ የጀመረ የቆየ ቂም ነበር። የትልቁን ጉድጓድ የቆፈረው ግን አንድ ጥያቄ ነው። ደርግን ምን እናድርገው?

ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡን አወረደ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ስልሳ ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራንን ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ገጠር ላከ። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬትን የሕዝብ አደረገ። አሥር ዓመት «መሬት ለአራሹ» ሲል የኖረ ትውልድ ጥያቄውን ወታደር መለሰለት! መኢሶን «ይህን ዕድል ተጠቅመን ሕዝቡን እናንቃ፣ እናደራጅ፣ እናስታጥቅ» አለና ለደርግ «ሂሳዊ ድጋፍ» ሰጠ። ኢሕአፓ «ሕዝብ ያልመረጠው ወታደር አብዮቱን ቀምቶናል» አለና ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ዛሬውኑ የሚለውን አቋሙን አጠነከረ። አንዱ ሌላውን «ባንዳ» አለው። ሌላው «አናርኪስት» ብሎ መለሰለት።

ማን ማንን መረጠ?

ይህን ሁሉ ስናነብ ቆይተን፣ አንድ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ በ1967 ዓ.ም. ይህን ልዩነት መዝኖ ድርጅት ይመርጥ ነበር ወይ? ብለን ጠየቅን። የዘመኑን ሰዎች ትዝታ ስታነቡ የምታገኙት ሌላ ነገር ነው። መጀመሪያ የሚመጣው ሰው ነው። የሚታመን ጓደኛ፣ የሚደነቅ የትምህርት ቤት ጎበዝ፣ ታላቅ ወንድም። ቀጥሎ «የጥናት ክበብ» ይመጣል። አራት አምስት ሆኖ መጽሐፍ ማንበብ፣ መከራከር። ክበቡ የማን እንደሆነ በግልጽ አይነገርም። ከወራት በኋላ የታመነ ሰው ይመለመላል፣ የምስጢር ስም ይሰጠዋል፣ ሕዋስ ውስጥ ይገባል። ልጁ ድርጅቱን መረጠ ከምንል ድርጅቱ ልጁን መረጠ ብንል ሳይቀርብ አይቀርም። ለዚህም ነው በአንድ ቤት ያደጉ ወንድማማቾች፣ አንዱ በትምህርት ቤቱ ሌላው በመሥሪያ ቤቱ በኩል ተመልምለው፣ በሁለት ወገን የቆሙት።

ሕይወት ተፈራ «ታወር ኢን ዘ ስካይ» በተሰኘውና በ2012 እ.ኤ.አ. በታተመው የእንግሊዝኛ ማስታወሻቸው የሚነግሩን ይህንኑ ነው። ከሐረር መጥተው ዩኒቨርሲቲ ገቡ። እዚያ ጌታቸው ማሩን ተዋወቁ። በእሱ በኩል ጥናት፣ በጥናቱ በኩል ኢሕአፓ። ፍቅርና ድርጅት አብረው መጡ። መጽሐፉን ያነበብን ልጆች ሁላችንም እዚህ ላይ ራሳችንን አየን። ማናችንም ብንሆን፣ የምንወደው ሰው በገባበት በር እንገባ ነበር።

መውጫው

አሁን ወደ ዝምተኛዋ ጓደኛችን ጥያቄ እንመለስ። ባይመቸኝስ?

ጌታቸው ማሩ ተራ አባል አልነበረም። «አብዮት» የተባለውን ቡድን ይዞ ኢሕአፓን የተቀላቀለ የማዕከላዊ ኮሚቴ አባል ነው። የከተማ ትጥቅ ትግሉ ድርጅቱንም ወጣቱንም ያስፈጃል ብሎ ተቃወመ። ብርሃነ መስቀልም እንዲሁ። መስከረም 13 ቀን 1969 ዓ.ም. በመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ላይ የግድያ ሙከራ ተደረገ። ከጥቂት ቀናት በኋላ የመኢሶን አመራር አባል የነበረው ዶክተር ፍቅሬ መርዕድ አዲስ አበባ ውስጥ ተገደለ። ማን ቀድሞ ተኮሰ የሚለው ክርክር በሁለቱ ወገኖች መካከል ዛሬም አልበረደም። እነ ጌታቸው ግን ክርክሩን ያነሱት ድርጅታቸው ውስጥ ሆነው ነው። ውጤቱስ? ጌታቸውን የገዛ ድርጅቱ ቤት ውስጥ አግቶ አቆየው፤ በዚያው በ1969 ዓ.ም. ገደለው። ብርሃነ መስቀል የ«እርማት ንቅናቄ» አቋቁሞ አፈነገጠ፤ በኋላ በደርግ እጅ ወድቆ በ1971 ዓ.ም. ተገደለ። ወይዘሮ ሕይወት ያጡት ሰው የጠፋው በጠላት እጅ አልነበረም። እሳቸው ራሳቸው ደግሞ በደርግ እስር ቤት ስምንት ዓመት ገደማ አሳለፉ።

ለምን መውጫ ጠፋ? ሰዎቹ ክፉ ስለነበሩ ነው ብለን ብንገላገል ቀላል ነበር። እኛ የተረዳነው ግን ነገሩ በሕቡዕ ድርጅት አሠራር ውስጥ እንዳለ ነው። በምስጢር ድርጅት ውስጥ የሚወጣ ሰው ባዶ እጁን አይወጣም፤ ስሞችን፣ ቤቶችን፣ ምልክቶችን በጭንቅላቱ ይዞ ነው የሚወጣው። ስለዚህ «አልተስማማሁም» የሚለው ቃል «ልከዳ ነው» ተብሎ ይሰማል። ከደጅ ደግሞ ደርግ ብዕር ይዞ ይጠብቃል። በየቀበሌው «ራስህን አጋልጥ» ይባል ነበር። ራስን ማጋለጥ ማለት ጓደኛን ማጋለጥ ነው። እንግዲህ አንድ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ከውስጥ ቢወጣ ከሃዲ፣ ከወጣ በኋላ ዝም ቢል አናርኪስት፣ ቢናገር የጓደኞቹ ገዳይ ሊሆን ነው።

«መኢሶን ይሻል ነበር» የሚል ካለ ትንሽ ይታገሰን። መኢሶን ሚያዝያ 1968 ዓ.ም. የብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም ሲታወጅ፣ በሕዝብ ድርጅት ጉዳይ ጊዜያዊ ጽሕፈት ቤት በኩል ከፍተኛ ቦታ ያዘ። ካድሬዎቹ በቀበሌዎች ውስጥ ነበሩ። መንግሥቱ ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. ጄኔራል ተፈሪ በንቲንና ሌሎችን የደርግ አባላት አስገድሎ ሥልጣኑን ሲጠቀልል፣ ሂሳዊ ድጋፉ ቀጠለ። ሚያዝያ 21 ቀን በሜይ ዴይ ዋዜማ ሰልፍ የወጡ ወጣቶች አዲስ አበባ ውስጥ ሲጨፈጨፉም መኢሶን ከመንግሥት ጎን ነበር። ነሐሴ 1969 ዓ.ም. ግን ከደርግ ጋር አልሄድ አለውና ልውጣ አለ። ወጣ፤ ኅቡዕ ገባ። ደርግ እግር በእግር አድኖ ያዛቸው። ኃይሌ ፊዳ ተይዞ ሁለት ዓመት ገደማ ከታሰረ በኋላ ሐምሌ 1971 ዓ.ም. ተገደለ። ኢሕአፓ ለአባሉ በር አልተወም ነበር። መኢሶንም ራሱ በሩ ከውጭ የሚቆለፍ ቤት ውስጥ መግባቱን ያወቀው ሊወጣ ሲል ነው። «ሂሳዊ» የሚለው ቃል የሚሠራው «ከእንግዲህ አልደግፍም» ብሎ በሰላም መሄድ ሲቻል ብቻ ነበር።

ማኪያቶው ከቀዘቀዘ በኋላ

ያንን ትውልድ ካፌ ቁጭ ብሎ መውቀስ ቀላል ነው። እነሱ በሃያ ዓመታቸው ለማያውቁት ገበሬ ሕይወታቸውን ሰጥተዋል፤ እኛ በሃያ ዓመታችን ለማን ምን እንደሰጠን ብንጠየቅ መልሳችን አጭር ነው። ደግሞም ፓርቲ መመሥረት በሕግ ባልተፈቀደበት አገር በምስጢር ከመደራጀት ሌላ ምን ምርጫ ነበራቸው? ለመፍረድ አንፈልግም። ለመማር ግን እንፈልጋለን።

ምክንያቱም ጥያቄው አልቀረልንም። ዛሬም «አንቺ ከማን ወገን ነሽ?» እንባላለን። ቃላቱ ተለውጠዋል፤ ሌኒንን የሚጠቅስ እምብዛም የለም። አገባቡ ግን ያው ነው። የምንወደው ሰው ይጠራናል፣ የሚነበብ ነገር ይሰጠናል፣ «እኛ» እና «እነሱ» የሚሉት ቃላት ቀስ ብለው አፋችን ላይ ይለመዳሉ። አንድ ቀን ዘወር ስንል ገብተን እናገኘዋለን። «አይ» ያለውን ሰው ምን ብለን እንደሰደብነው እንኳ አናስታውሰውም።

ስለዚህ አምስታችን አንድ ነገር ተስማማን። ወደፊት ፓርቲም ይሁን ንቅናቄ ወይም ማኅበር «ግቡ» ሲለን፣ ፕሮግራሙን እናነባለን። ከዚያ በፊት ግን «ከእናንተ ተለይቶ የወጣ ሰው አለ? ዛሬ የት ነው? ስሙን እንዴት ነው የምትጠሩት?» ብለን እንጠይቃለን። ሰላም ብለውት የሚያልፉ ከሆነ፣ ቁጭ ብለን እንሰማቸዋለን። ስሙ ሲነሳ ፊታቸው የሚጠቁር ከሆነ ግን ዓላማቸው የቱንም ያህል ቢያምር እንፈራለን።

እናንተስ? ቤታችሁ ውስጥ ያንን ዘመን ያዩ አባት፣ እናት፣ አክስት ካሉ፣ የቱ ድርጅት ውስጥ እንደነበሩ ከመጠየቃችሁ በፊት ማን እንዳስገባቸው ጠይቋቸው። ቀጥላችሁም ልውጣ ያሉበት ቀን ነበረ ወይ በሏቸው። ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ዝም ሊሉ ይችላሉ። አትቸኩሉባቸው።

ቸር ያሰንብተን።