ዘጠና ቀን በላስ ቬጋስ

በ2023 የክላርክ ካውንቲ ኮሚሽነሮች ከላስ ቬጋሱ የካዚኖ ጎዳና፣ ከስትሪፕ፣ በስተ ምዕራብ በዲኬተር መንገድ ዙሪያ ያሉ ጥቂት ብሎኮችን «ሊትል ኢትዮጵያ» ብለው ሰየሙ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሎስ አንጀለስ በፌርፋክስ ጎዳና ላይ ተመሳሳይ ስም ካጸደቀች 21 ዓመት ሆኗት ነበር። ለስሙ የደከሙት ሰዎች በሸለቆው ከ40 ሺህ የማያንስ ኢትዮጵያዊ አለ ይላሉ፤ የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ ግምት ከዚያ ያነሰ ነው። የቁጥሩ ክርክር ለጊዜው ይቆይና፣ የሚበልጠው ጥያቄ ሌላ ነው። በበረሃ መካከል በተቆረቆረ፣ ሌሊቱን በቁማር በሚያነጋ ከተማ ይህን ያህል ሐበሻ ማን ተቀበለው?

የተለመደው መልስ «ዘመድ ዘመዱን እየጠራ» የሚል ነው። ውሸት አይደለም። ዋሽንግተን ወይም ሎስ አንጀለስ ተቀምጦ ኪራይ ያልተወደደበት፣ ሥራም ያልጠፋበት ከተማ አለ ሲባል የሰማ ሁሉ ሻንጣውን አንሥቷል፤ ደርሶም ወንድሙን ጠርቷል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ዲቪ ሲጀመር ጥሪው ከአዲስ አበባ ድረስ ሆነ። ይሁን እንጂ ዘመድ ከመጠራቱ በፊት መጀመሪያ የገባ ሰው ነበር። እሱን የተቀበለው ዘመድ አይደለም።

ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር መጋቢት 1980 ላይ የስደተኞችን ሕግ ፈረሙ። ቀድሞ የአሜሪካ ሕግ ስደተኛ ሲል በዋናነት የሚያስበው ከኮሚኒስት አገር ወይም ከመካከለኛው ምሥራቅ የሸሸን ሰው ነበር። አዲሱ ሕግ የተባበሩት መንግሥታትን ትርጉም ተቀበለና ለአፍሪካም በየዓመቱ ኮታ ይመደብ ጀመር። ከቀይ ሽብርና ከጦርነት ሸሽተው ገዳሪፍና ካርቱም የተቀመጡ ወጣቶች ፎርም የሚሞሉበት ቦታ አገኙ።

አሠራሩ እስከ 2025 መጀመሪያ ድረስ ብዙም አልተለወጠም ነበር። ስደተኛው ከካምፕ ሲነሣ የአውሮፕላን ቲኬቱ በብድር ይቆረጥለታል፤ የዕዳ ወረቀት ፈርሞ ይበርራል፣ ደርሶ ሥራ ሲይዝ በየወሩ ይከፍላል። አሜሪካ ለአዲስ ዜጋዋ የመጀመሪያ የምትሰጠው ነገር ዕዳ ነው ቢባል ስድብ አይሆንም። አውሮፕላን ጣቢያ የሚጠብቀው የመንግሥት ሠራተኛ አይደለም፤ የበጎ አድራጎት ድርጅት ባልደረባ ነው። በላስ ቬጋስ ይህን ሥራ ለረጅም ዘመን ከያዙት አንዱ በ1941 የተመሠረተው የደቡብ ኔቫዳ ካቶሊክ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ቤት ይፈለጋል። ፍራሽ፣ ድስት፣ ብርድ ልብስ ይገባል። የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ ይወጣል፣ ልጆች ትምህርት ቤት ይመዘገባሉ፣ ሁሉም ሐኪም ዘንድ ይቀርባሉ። ለዚህ ሁሉ የተሰጠው ጊዜ 90 ቀን ነው። ለአንድ ሰው የሚመደበው ገንዘብ እስከ 2009 መጨረሻ 900 ዶላር ብቻ ነበር፤ በ2010 መጀመሪያ 1,800 ሆነ። ከዚያም ላይ የድርጅቱ ወጪ ይነሣል። በዘጠና አንደኛው ቀን ኪራዩን የሚከፍለው ተከራዩ ራሱ ነው።

እንግዲህ አንድ ከተማ እንግዳ ተቀብሏል ወይስ አልተቀበለም የሚለው የሚታየው በዘጠና አንደኛው ቀን ነው። ላስ ቬጋስ የበለጠችው በዚህ ነው። የክላርክ ካውንቲ ሕዝብ በ1980 ወደ 463 ሺህ ነበር፤ በ2000 ከ1 ሚሊዮን 375 ሺህ አልፏል። በ1989 ከ3 ሺህ በላይ ክፍል ያለው ሚራዥ ተከፈተ፤ በ1993 ከ5 ሺህ በላይ ክፍል የያዘው ኤምጂኤም ግራንድ ተከተለው። የአምስት ሺህ ክፍል አልጋ በየቀኑ መነጠፍ አለበት። ሥራው እንግሊዝኛን እምብዛም አይጠይቅም፣ ከዩኒቨርሲቲ የተላከ ማስረጃም አይፈልግም። በአገሯ አስተማሪ የነበረች ሴት በሳምንት ውስጥ አልጋ አንጣፊ ትሆናለች። ይህን ውድቀት ነው የሚል አይጠፋም፤ ነውም። ግን አልጋ አንጣፊነት በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ከድህነት የማያወጣ ሥራ ሲሆን፣ እዚህ ቤት ያስገዛል። ልዩነቱን ያመጣው የካዚኖ ባለቤቶች ደግነት አይደለም።

የኩሊናሪ ሠራተኞች ማኅበር፣ ሎካል 226፣ የተመሠረተው በ1935 ነው። ዛሬ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ አባላት አሉት፤ አስተናጋጆች፣ አልጋ አንጣፊዎች፣ ወጥ ቤቶች፣ ሻንጣ ተሸካሚዎች። በመስከረም 1991 የፍሮንቲየር ሆቴል 550 ሠራተኞች የሥራ ማቆም አድማ መቱ። አድማው የተቋጨው በጥር 1998 መጨረሻ ነው፤ ስድስት ዓመት ከአራት ወር ሙሉ፣ ቀንና ሌሊት፣ በበረሃው ሙቀት በሆቴሉ በር ላይ ሰልፍ ተደርጓል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከ550ው አንድም ሰው መስመሩን ጥሶ ወደ ሥራ አልተመለሰም። በኋላ የመጣው ስደተኛ የሚያገኘው የሕክምና ዋስትናና ጡረታ በዚያ ዓይነት ጽናት የተጠበቀ ነው።

ማኅበሩን የመሩትን ሰዎች ማየትም ይገባል። በ1990 ፕሬዚዳንት ሆና የተመረጠችው ሃቲ ካንቲ ከአላባማ ገጠር የመጣች፣ አልጋ ስታነጥፍ የኖረች ጥቁር አሜሪካዊት ነበረች። ከእሷ በኋላ ከመሪዎቹ አንዷ የሆነችው ጂኦኮንዳ አርጉዬዮ ክላይን ከኒካራጓ የመጣች፣ እሷም አልጋ አንጣፊ የነበረች ናት። ማኅበሩ በ2001 «የዜግነት ፕሮጀክት» የሚባል ክፍል አቋቁሞ ከ18 ሺህ በላይ መጤዎች የአሜሪካ ዜጎች እንዲሆኑ ረድቷል። ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ለሚገዛ አባል ለቅድመ ክፍያ የሚሆን እስከ 20 ሺህ ዶላር ድጋፍም አስገኝቷል። ይህን ከ1,800ው ዶላር ጎን ማስቀመጥ ነው።

ሌላም ብዙ ጊዜ የማይነሣ ውለታ አለ። በ1950ዎቹ ላስ ቬጋስ «የምዕራቡ ሚሲሲፒ» ትባል ነበር። ጥቁር ዘፋኝ በስትሪፕ መድረክ ላይ ዘፍኖ፣ እዚያው ሆቴል ማደር አይፈቀድለትም፤ ዌስትሳይድ ወደሚባለው የጥቁሮች ሠፈር ተመልሶ ይተኛ ነበር። ጥቁር ሠራተኛ ከጀርባ፣ ከማጠቢያውና ከማጽጃው አያልፍም። በመጋቢት 1960 የጥቁሮች መብት ማኅበር መሪ የነበሩት የጥርስ ሐኪም ጄምስ ማክሚላን በስትሪፕ ላይ ሰልፍ እንጠራለን ብለው አስጠነቀቁ፤ በሙላን ሩዥ ሆቴል ተሰብስበው የካዚኖዎቹ በር ለጥቁር ደንበኛ እንዲከፈት ተስማሙ። ሥራው ግን ወዲያው አልተከፈተም። በ1971 በፌዴራል ፍርድ ቤት በጸደቀ ስምምነት ነው ሆቴሎቹና ማኅበራቱ ጥቁሮችን በተሻሉ የሥራ መደቦች ለመቅጠር የተገደዱት። ከአሥር ዓመት በኋላ ከሱዳን የመጣ ሐበሻ ካርድ አዳይ ሆኖ በነጭ ሸሚዝ ጠረጴዛው ፊት ሲቆም፣ ያቺን ቦታ ያስለቀቁለት ከሉዊዚያናና ከአርካንሳ ጥጥ እርሻ ወጥተው ዌስትሳይድ የሠፈሩ ቤተሰቦች ናቸው። ጎረቤቶቹም ነበሩ። በእድር ስብሰባ ላይ ስማቸው ሲነሣ መስማት ያልተለመደ መሆኑ ያሳዝናል።

የታክሲው ነገር ትንሽ ይለያል። በዋሽንግተን ሐበሻ መኪናውን ገዝቶ የራሱ ጌታ መሆን ይችል ነበር። በቬጋስ ታክሲው የኩባንያ ነው፤ ሹፌሩ ሺፍት ገብቶ ካስገባው ገንዘብ ድርሻውን ይወስዳል። ለአዲስ ገቢ ይህ ባርነትም ምሕረትም ነበር፤ መኪና መግዣ የሌለው ሰው መንጃ ፈቃድና የታክሲ ፈቃድ አውጥቶ ይጀምራል፣ ጉርሻውንም በዕለቱ ይዞ ይገባል፣ ግን አያድግም። በ2015 ኡበር ሕጋዊ ሆኖ ሲገባ ብዙዎች በመጨረሻ የራሳቸውን መኪና መንዳት ጀመሩ፤ የመኪናው ዕዳም የራሳቸው ሆነ።

አሁን ወደ ዘመዱ መመለስ ይቻላል። ሶፋውን ለሦስት ወር የለቀቀ፣ በሌሊት ሺፍት መካከል መንዳት ያስተማረ፣ ዕቁብ ያስገባ፣ ሰው ሲሞት አስከሬን አገር ቤት ለመላክ የተዋጣ እሱ ነው። ይህን የሚያሳንስ ሰው የስደትን ኑሮ አያውቅም። ነገር ግን የወገን አቀባበል ድንበር አለው፤ ድንበሩም ቋንቋ ነው። ከ2020 ጀምሮ በሰሜን ኢትዮጵያ በነደደው ጦርነት ዘመን ደግሞ ድንበሩ ይበልጥ ጠበበ። በየከተማው ያለው ዲያስፖራ በሰልፍ፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በቡና ቤት ሳይቀር ተለያየ። ትናንት «የኛ ሰው» ተብሎ የሚጠራ ሰው የማን እንደሆነ መጠየቅ ጀመረ። ኮንጓዊው ወይም አፍጋኑ ስደተኛ ደግሞ ከመጀመሪያውም በዚያ እድር ውስጥ የለም።

ስለዚህ የፀሐዬ ተፈራ ሥራ ከዚህ ሁሉ የተለየ ቦታ አለው። በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ የቋንቋና የማኅበረሰብ ጥናት የሠሩት እኚህ ምሁር በ1983 በዋሽንግተን አጠገብ በአርሊንግተን የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ልማት ምክር ቤትን አቋቋሙ። ድርጅቱ የተነሣው ሐበሻን ለመርዳት ነው። በዚያ ቢቆም ኖሮ ከብዙዎቹ የማኅበረሰብ ማኅበራት አንዱ ሆኖ ይቀር ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ግን ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ተዋውለው ስደተኛ ከሚያሠፍሩ፣ በጣት ከሚቆጠሩ ብሔራዊ ድርጅቶች አንዱ ሆነ፤ አብዛኞቹ ሌሎች የቆዩ የሃይማኖት ተቋማት ክንፎች ናቸው። በላስ ቬጋስ ያለው ቅርንጫፉ የአፍሪካ ማኅበረሰብ ማዕከል ይባላል። ስሙ የኢትዮጵያ፣ በኋላም የአፍሪካ ቢሆንም፣ ማዕከሉ የሚቀበለው ኮንጓዊንም አፍጋንንም ነው። በ2021 ካቡል ስትወድቅ በወታደራዊ አውሮፕላን ከወጡት መካከል ቬጋስ የደረሱ ቤተሰቦች ፍራሽና ድስት ያስገባላቸው፣ ሥሩ ከአንድ ትውልድ በፊት በራሳቸው ስደት በተማሩ ኢትዮጵያውያን የተተከለ ድርጅት ነው። የኢትዮጵያውያን እንግዳ ተቀባይነት ሲነሣ ከአክሱሙ ንጉሥ ዘመን ወዲህ ሌላ ምሳሌ ለቸገረው፣ ይህ አለለት።

የዚህ ሁሉ አጥር ግን ቀጭን ነው። በመጋቢት 2020 ካዚኖዎቹ በአንድ ሌሊት ተዘግተው 78 ቀን ከረሙ። በሚያዝያ በላስ ቬጋስ ሥራ አጥነት ከ30 በመቶ አለፈ፤ የኩሊናሪ አባላት ከሞላ ጎደል ሁሉም ቤታቸው ተቀመጡ። አልጋ አንጣፊዋም፣ ካርድ አዳዩም፣ አውሮፕላን ጣቢያ የተሰለፈው ሹፌርም ገቢያቸው አንድ ምንጭ ነበርና አብረው ደረቁ። ሶፋ የሚለቅ ዘመድ ራሱ ኪራይ ያጣበት ጊዜ ነበር። ማኅበሩ ምግብ እየጫነ ለአባላቱ አከፋፈለ፤ ከተማይቱም ቀስ ብላ አገገመች።

ሁለተኛው መዘጋት የመጣው ከላይ ነው። ጥር 20 ቀን 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ የስደተኞች ቅበላ እንዲቆም አዘዙ። በረራ የተቆረጠላቸው ሰዎች ጉዞ ተሰረዘ። ከአራት ቀን በኋላ ለአሥፋሪ ድርጅቶቹ ሁሉ ሥራ አቁሙ የሚል ደብዳቤ ደረሰ። ደብዳቤው ወደፊት ስለሚመጡት ብቻ አልነበረም። በጥቅምት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ደርሰው ገና 90 ቀናቸውን ያልጨረሱ ቤተሰቦች፣ የየካቲት ኪራያቸው ሊከፈል የነበረው ከዚያው ገንዘብ ነበር።