ናፍጣና መለከት

ስለ ሙዚቃ የሚጻፉ የታሪክ ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያወሱት ስለ ደራሲው፣ ስለ ዜማውና ስለ ዘመኑ መንፈስ ነው። ሙዚቀኛው ከከተማ ወደ ከተማ በምን ተጓዘ፣ የመንገዱን ዋጋስ ማን ከፈለ የሚለው ጥያቄ ከግርጌ ማስታወሻ እንኳ አይገባም። ራስ ተፈሪ በ1924 ኢየሩሳሌም ላይ አግኝተው ወደ አዲስ አበባ ያስመጧቸውን ወላጅ አልባ አርመናውያን፣ አርባ ልጆች የምንላቸውን የናስ ሙዚቀኞች፣ ስንቶቻችን በፍቅር እናነሣለን! የጉዟቸውን ሒሳብ ግን የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ፣ በስም ካልጠቀስኩት በቀር፣ ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዛሬ ላወጋችሁ የወደድኩት እንዲህ ያለ ሒሳብ ሕይወቱን ስለ ወሰነበት አንድ የሙዚቃ ዘር ነው። አሜሪካውያን «ድራም ኮር» ይሉታል፤ እኛ የከበሮና የመለከት ጓድ ልንለው እንችላለን። አባላቱ ዕድሜያቸው ከሃያዎቹ መጀመሪያ ያላለፈ ወጣቶች ናቸው። ዋሽንትና ክላርኔት በመካከላቸው የለም፤ ናስ፣ ከበሮና ባንዲራ እንጂ። በእግር ኳስ ሜዳ ላይ እየተራመዱ፣ መስመርና ክብ እየሠሩና እያፈረሱ ይጫወታሉ። በጋውን ሙሉ ከግዛት ግዛት እየዞሩ ይወዳደራሉ፤ ሌሊት በአውቶቡስ ይጓዛሉ፣ ንጋት ላይ በአንድ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ወለል ላይ ጥቂት ያሸልባሉ፣ ቀን በፀሐይ ይለማመዳሉ፣ ማታ ያሳያሉ፤ ከዚያ እንደገና አውቶቡስ። ከኋላቸው መሣሪያ የጫነ ተሳቢ፣ ሌላም ኩሽና የተሠራበት ተሳቢ ይከተላል።

ነገሩ ሲጀመር ግን መንገድ የሚባል ጣጣ አልነበረበትም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ዘማቾች በ1919 አሜሪካን ሌጅን የተባለውን ማኅበር መሠረቱ፤ የማኅበሩ ቅርንጫፎችም ለየሰፈራቸው ልጆች ከበሮና መለከት ገዝተው ሰልፍ ያስተምሩ ጀመር። የካቶሊክ ቁምስናዎችና የቦይ ስካውት ጓዶችም እንዲሁ አደረጉ። በኒው ጀርሲ፣ ጋርፊልድ ከተማ፣ በ1934 ከአንድ ቁምስና የወጣው የካዴቶች ባንድ፣ በ1938 በዊስኮንሲን የተቋቋመው ማዲሰን ስካውትስ፣ በ1948 በቺካጎ የተነሣው ካቫሊየርስ የዚህ ዘመን ልጆች ናቸው። ልጁ ለልምምድ በእግሩ ይሄዳል። ሰልፉ የሚደረገው እናቱ በረንዳ ላይ ቆማ በምታይበት ጎዳና ነው። ተፎካካሪው ቡድን የጎረቤቱ ቁምስና ነው፤ ሽንፈቱም ሰኞ ጧት ትምህርት ቤት ውስጥ ይወራበታል። የዚህ ሁሉ የነዳጅ ወጪ ከአንዲት አሮጌ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የሚበልጥ አልነበረም።

በ1956 የአሜሪካ መንግሥት የታላላቅ አውራ ጎዳናዎችን ሕግ አወጣ፤ ዕቅዱም 41,000 ማይል መንገድ ለመሥራት ነበር። በዚያ ላይ ቤንዚን ርካሽ ነበር፤ በሃምሳዎቹና በስድሳዎቹ አንዱ ጋሎን፣ ማለትም ሦስት ሊትር ከስምንት ዴሲ ሊትር ያህሉ፣ በሠላሳ ሳንቲም ገደማ ይሸጥ ነበር። ከዚህ ሕግ አንድ ዓመት ቆይቶ፣ በ1957፣ ሕዝብ በሳሳበት በዋዮሚንግ ግዛት፣ ካስፐር በምትባል ከተማ ትሩፐርስ የተሰኘ ጓድ ተቋቋመ። በአጠገቡ የሚፎካከረው ቡድን ስላልነበረ ምርጫው ወይ ብቻውን መለከት መንፋት ወይ መጓዝ ነበር፤ ተጓዘ። ከሮኪ ተራሮች ግርጌ የመጡ፣ የጥንት ፈረሰኛ ወታደር ልብስ የለበሱ ልጆች በምሥራቅ ከተሞች ሜዳ ላይ ሲታዩ ሕዝቡ ምን ያህል እንደተደነቀ መገመት አያዳግትም። ዝውውር ክብር ሆነ።

በዚህ ላይ አንድ የገንዘብ ጠብ ተነሣ፤ እኔ በበኩሌ የዚህን ሙዚቃ ታሪክ ለሁለት የከፈለው ይህ ጠብ ይመስለኛል። በጥንቱ ሥርዓት ገንዘብ የሚከፈለው ለአሸናፊው ነበር። አንደኛ የወጣው ሽልማቱን ይዞ ይሄዳል፤ ኋለኛው ባዶ እጁን ይመለሳል። ሁለቱ ግን ያቃጠሉት ነዳጅ እኩል ነው! በ1971 አምስት ጓዶች፣ ትሩፐርስና ካቫሊየርስ ከነዚሁ መካከል ሆነው፣ ተባብረው ክፍያው በውጤት ሳይሆን በመገኘት ይሁን አሉ። ከዘማቾች ማኅበራት ሥልጣን ወጥተውም «ድራም ኮርስ ኢንተርናሽናል» የተባለውን የራሳቸውን ድርጅት አቋቋሙ። የመጀመሪያው ብሔራዊ ውድድር በነሐሴ 1972 በዊስኮንሲን፣ ኋይትዋተር ተደረገ፤ ዋንጫውን የወሰደው አናሃይም ኪንግስሜን ሁለት ሺህ ማይል ያህል ተጉዞ ከካሊፎርኒያ የመጣ ቡድን ነበር። አዲሱ ሥርዓት ፍትሐዊ ነበር፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ቤንዚን ለዘላለም ሠላሳ ሳንቲም እንደሚሆን ታምኖ የተሠራ ቤት ነበር።

አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሳይቆይ፣ በጥቅምት 1973፣ የመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ፈነዳ። ነዳጅ አምራች የዐረብ አገሮች ለአሜሪካ ዘይት አንሸጥም አሉ። የድፍድፍ ዘይት ዋጋ በበርሜል ከሦስት ዶላር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ አሥራ ሁለት ዶላር ተጠጋ። ፕሬዚዳንት ኒክሰን ማደያዎች ከቅዳሜ ማታ እስከ እሑድ ማታ እንዲዘጉ ጠየቁ። አንባቢ ሆይ፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ የሰልፍና የውድድር ቀናት ናቸው። በጥር 1974 የመኪና ፍጥነት በመላ አገሪቱ በሰዓት ከ55 ማይል እንዳይበልጥ ተደነገገ። ነዳጅ የሚቆጥበው ይህ ሕግ ከልጆቹ እንቅልፍ ላይ የሚቆርጥ ነበር፤ በ70 ማይል ፍጥነት ሰባት ሰዓት ይፈጅ የነበረ የአምስት መቶ ማይል ጉዞ ዘጠኝ ሰዓት ፈጀ። ከሌሊት ሁለት ሰዓት ሲቀነስ ንጋት ላይ የሚቀረው ወይ ዕረፍት ነው ወይ ልምምድ፤ ሁለቱም አይሆንም።

እዚህ ላይ ከመንገዴ ጥቂት ልውጣ። ይኸው የዘይት ማዕበል በዚያው ክረምት የእኛንም በር አንኳኳ። በእኛ አቆጣጠር የካቲት 1966 የቤንዚን ዋጋ በኀምሳ በመቶ ሲጨመር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች አደሙ፤ ከመምህራኑ ሥራ ማቆምና ከወታደሩ ማጉረምረም ጋር ተዳምሮ ወዴት እንዳደረሰን ሁላችን እናውቃለን። አንዱ በርሜል በአንድ አገር ዙፋን ሲያነቃንቅ በሌላው አገር የሕፃናትን የበጋ ጉዞ ያሳጥራል። ታሪክ ሚዛን የለውም ልበል?

ማዕቀቡ በመጋቢት 1974 ቢነሣም ዋጋው ወደ ነበረበት አልተመለሰም። በ1973 በአማካይ 39 ሳንቲም የነበረው ቤንዚን በተከታዩ ዓመት 53 ሳንቲም ገባ፤ ከኢራን አብዮት በኋላ በ1980 ከአንድ ዶላር አለፈ። በሰባዎቹ መጀመሪያ በመቶዎች ይቆጠሩ የነበሩት የወጣት ጓዶች በሁለት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ በየተራ ከሰሙ። ዛሬ በዋናው ምድብ የሚወዳደሩት ሃያ ገደማ ናቸው። የመጀመሪያው ሻምፒዮን አናሃይም ኪንግስሜን እንኳ በወጣቶቹ ሜዳ ላይ ዛሬ የለም።

ታዲያ የገደላቸው የነዳጅ ውድነት ነው እንበል? ብዙዎች እንዲያ ይላሉ። የእኔ ሐሳብ ግን የተለየ ነው፤ የበለጠ የጎዳቸው የነዳጅ ርካሽነት ይመስለኛል። ርካሹ ቤንዚን ነበር የሰፈሩን ባንድ ከሰፈሩ ነቅሎ ያወጣው። አገር አቋራጭ ዝውውር የክብር መለኪያ በሆነ ጊዜ በየከተማው የነበረው ትንሹ ውድድር ተመልካች አጣ፤ ጎበዙ ልጅ ወደ ሩቁ ትልቅ ቡድን ኮበለለ፤ ቁምስናው መለከቱን ቆለፈበት። ነዳጁ ሲወደድ ወደ ቤት መመለስ የሚቻል ነገር አልነበረም፤ ቤቱ ፈርሷልና። በእርግጥ ሌላም ሌላም ምክንያት አለ፤ ዘማቾቹ አርጅተዋል፣ የሰፈሩ ሰው ወደ ከተማ ዳርቻ ፈልሷል። በ1934 የተመሠረተው ያ የጋርፊልድ ባንድ በ2024 የተዘጋው በፍርድ ቤት ክስ ጣጣ እንጂ በናፍጣ አይደለም።

ዋጋው ዛሬ ምን እንደሚሠራ ለማየት ጥቂት ሒሳብ እናድርግ፤ ቀኑን በባንክ መስኮት የሚያሳልፍ ሰው ከዚህ ሊያመልጥ አይችልም። አንድ ትልቅ ጓድ አውቶቡሶቹንና ተሳቢዎቹን ጨምሮ ስምንት ተሽከርካሪ ይኑረው። በአንድ በጋ አሥር ሺህ ማይል ይጓዝ፤ ከዚያ በላይም የሚጓዙ አሉ። ከባድ መኪና በአንድ ጋሎን ናፍጣ ስድስት ማይል ቢሄድ ጠቅላላው ፍጆታ 13,300 ጋሎን ገደማ ይሆናል። በ2007 የናፍጣ አማካይ ዋጋ ሁለት ዶላር ከዘጠና ሳንቲም ያህል ነበር፤ በሐምሌ 2008 ከአራት ዶላር ከሰባ አለፈ። ልዩነቱ ሃያ አራት ሺህ ዶላር ነው። ለመቶ ሃምሳ ልጆች ሲካፈል ለእያንዳንዱ መቶ ስልሳ ዶላር ይደርሰዋል። ይህ ቡድን የሚያፈርስ ገንዘብ አይመስልም።

ክፉው ነገር መጠኑ ሳይሆን ጊዜው ነው። ልጆቹ የሚመረጡትና መዋጮአቸው የሚወሰነው በክረምት፣ ገና በረዶ ሳለ ነው። የትዕይንቱ ውል የሚፈረመውም አስቀድሞ ነው። ናፍጣው ግን በ2008 ጣራ የነካው በሐምሌ፣ በ2022 ደግሞ በሰኔ፣ ማለትም አውቶቡሶቹ ሁሉ መንገድ ላይ ሳሉ ነው። በጥር 2022 ከአራት ዶላር በታች የነበረው አንድ ጋሎን በዚያው ሰኔ አምስት ዶላር ከሰማንያ ደረሰ። ገቢው የተቆረጠ፣ ወጪው ግን የሚንሳፈፍ ነጋዴ ምን እንደሚገጥመው የብድር ክፍል ባልደረቦቼ ያውቁታል። ከቤቱ ሺህ ማይል ርቆ ያለ ባንድ «ዋጋው እስኪረግብ ልጠብቅ» ሊል አይችልም፤ መቶ ሃምሳ ልጅ ማደያ አጠገብ ቆሞ ቁርሱን ይጠብቃል። ቁርሱም ራሱ በናፍጣ ተጭኖ የመጣ ነው። የትንሹ ጓድ ነገር ደግሞ ይብሳል፤ አውቶቡስ ግማሹ ባዶ ስለሆነ የግማሽ ነዳጅ አይጠጣምና ወጪው በጥቂት ትከሻ ላይ ይወድቃል።

ይህ ጉድለት ቀስ በቀስ ወደ አንድ አቅጣጫ ተገፋ፤ ወደ ልጁ ቤተሰብ። በዘማቾቹ ዘመን የሠራተኛው ልጅ መለከቱንም ልብሱንም በነጻ ያገኝ ነበር። ዛሬ አንድ ወጣት በትልቅ ጓድ ውስጥ አንድ በጋ ለማሳለፍ ብዙ ሺህ ዶላር ይከፍላል። በበጋ ሠርቶ ለኮሌጅ የሚያጠራቅም ልጅ ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ አንዴ ከኪሱ በሚወጣው፣ አንዴ ባልሠራው ደመወዝ። የትኛው ጥሩ ጡሩምባ ነፊ በዚህ ምክንያት ወደ ሜዳው ሳይደርስ እንደቀረ የሚመዘግብ የዳኞች ወረቀት የለም።

አንዳንዶች በብልሃት ታገሉት። የካሊፎርኒያው ሳንታ ክላራ ቫንጋርድ ለረጅም ዓመታት የቢንጎ አዳራሽ እያስተዳደረ በዚያ ገቢ ልጆቹን አጓጉዟል። አረጋውያን ማታ ማታ ቁጥር ሲያጠቁሩ የዋሉበት ሳንቲም በበጋ ናፍጣ ሆኖ በረሃ ያቋርጣል ማለት ነው፤ ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ፈገግ እላለሁ። በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት የበጋው ዝውውር ሁሉ ተሰረዘ። በ2022 ሙሉው ዝውውር ሲመለስ ያ የአምስት ዶላር ከሰማንያው ናፍጣ ደጃፍ ላይ ቆሞ ጠበቀው። ቫንጋርድም በ2023 በገንዘብ ችግር ሜዳ ላይ እንደማይወጣ አስታወቀ፤ ተመልሶ የወጣው በ2024 ነው።

የፍጻሜው ውድድርም በዚህ መካከል መዞሩን ተወ። ድሮ ከዊስኮንሲን ወደ ፊላዴልፊያ፣ ከዴንቨር ወደ በርሚንግሃም፣ ከሞንትሪያል ወደ ማያሚ ይንከራተት የነበረው ከ2009 ጀምሮ በብዙ አውራ ጎዳናዎች መገናኛ በኢንዲያናፖሊስ ረግቷል። የሚደረግበት ስታዲየም ሉካስ ኦይል ይባላል፤ ሉካስ ኦይል የሞተር ዘይት አምራች ኩባንያ ነው። ስሙን ያወጣው ቀልደኛ ሰው እንዳይመስላችሁ፣ ኩባንያው ከፍሎ የገዛው ነው። ነሐሴ ላይ የመጨረሻው ውጤት ተነግሮ ልጆቹ ሲላቀሱና ሲሳሳሙ፣ ውጭ ባለው ማቆሚያ ሾፌሮቹ የጋኑን ልክ እያዩ ሞተር ያሞቃሉ። ትሩፐርስ ዛሬም የካስፐር ጓድ ነው፤ እስከ ቤቱ ከሺህ ማይል በላይ ይቀረዋል።