ከቶርንፊልድ በፊት

የሻርሎት ብሮንቴ «ጄን ኤር» እ.ኤ.አ. በ1847 ሲታተም፣ ቶርንፊልድ በተባለው ቤት ጣሪያ ሥር የተቆለፈችውን የበርታን ታሪክ የነገረን ባሏ ሮቸስተር ነው። የዶሚኒካ ተወላጇ ጂን ሪስ በ1966 ባወጣችው «ዋይድ ሳርጋሶ ሲ» ወደ በርታ ልጅነት፣ ወደ ጃማይካ ትመልሰናለች። እኔን የያዘኝ የእናቷ ፈረስ ነው፤ ተመርዞ ዛፍ ሥር ሞቶ ይገኛል። ፈረሱን ያስመረዘው ቂም ሥር አለው። እንግሊዝ በ1834 ባርነትን በሕግ ስታስቀር 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ የመደበችው ለባሪያ አሳዳሪዎቹ ነበር፤ ነፃ ለወጡት ሰባራ ሳንቲም አልደረሳቸውም። በልብ ወለዱ የበርታ የልጅነት ቤትም በእሳት ጋየ።

ወደ ብሮንቴ ስመለስ፣ ሮቸስተር አባቱ ስላሰቡለት የሙሽሪት 30 ሺህ ፓውንድ ሲያወራ ቆም እላለሁ። በጊዜው ሕግ ያገባች ሴት ገንዘብ የባሏ ነበር። እንግዲህ ያ ሀብት የተገኘው ከማን ላብ ነው?